ነፋስ ወሰደው ያልኸኝ ኮፍያ

ባሕር ዳር፣ ጥር 14

ውድ ቃሲም፣

«ውድ» ያልሁህ ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለው ስላስተማሩን ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ስልክህን አታነሣም፤ ስታነሣም «ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም» ብለህ ትዘጋለህ። እኔ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍሁልህ። ወረቀት አይዘጋም።

ሰኞ ዕለት ባለ ጀልባው ደሞዝ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ ሲመለስ መልእክትህን አደረሰኝ። ጀልባውን አስሮ እንኳ ሳይጨርስ ከወደቡ ደወለልኝ።

«ሀጂራ፣ ቃሲም ምን እንዳለ ልንገርሽ?»

«ካልነገርኸኝ ትታመማለህ፤ ንገረኝ።»

«‹በዚህኛው በእርግጥ እመጣለሁ። ልጄን የምድራት እኔ ነኝ። ሀጂራ በእጇ ነጭ ቆብ ትሥራልኝ፤ የሙሽራውን እጅ ስይዝ እሱን ነው የማደርግ› ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ‹ሰላም በልልኝ› ብሏል።»

«ሰላምታውን አንተው ያዘው» አልሁት።

ቆብ ትሥራልኝ! ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ አይደንቀኝም ነበር።

የኒካሁን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። ግን ሲነግሩህ እንዳልሰማ መሆን ልማድህ ስለሆነ ልድገመው። ልጃችን ፈይዛና አንዋር ከተጫጩ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ልጅቷን ለሙሽራው የሚሰጣት ወሊዋ አባቷ ነው፤ አባት በሕይወት እያለ ያለ እሱ ቃል ኒካህ አይታሰርም። ይህን ስለምታውቅ ሁለት ጊዜ «እመጣለሁ» ብለህ ቀረህ። የመጀመሪያው በጥቅምት ነው። ኢማሙ መጥተው፣ የአንዋር ሰዎች መጥተው፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ምንጣፉን ሲያይ ዋለ። ከዚያ «ሞተር ተበላሸ» የሚል ጽሑፍ ላክህ። ሁለተኛው በኅዳር ነው። «ማዕበል አላሳልፍ አለኝ» አልህ። ያን ቀን እኔ ራሴ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ጣና እንደ ትሪ ተዘርግቶ፣ ደንገሉ እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

እንግዶቹ ሲወጡ የአንዋር አባት ወደ ኋላ ቀሩና «ሀጂራ፣ ልጅሽን እንወዳታለን። ግን ሰው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ ባዶውን አይመለስም። በሚቀጥለው ካልሆነ ሁላችንም መንገዳችንን እንፈልግ» አሉኝ። በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ፈይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች።

ሦስተኛው ቀን የዛሬ ሳምንት፣ ጁምዓ ነው። ከዚያ በፊት ያንተ ነገር ማለቅ አለበት። እንዴት እንደሚያልቅ ወደ መጨረሻው እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቆቡ። ሥሪልኝ ብለህ ስላዘዝህ፣ ይህ ሙያ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብህ። አጠገብህ ነው የተማርሁት፤ አንተ ግን አላየህም።

ስምንት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ጎህ ሲቀድ ወጥተህ፣ ረፋድ ላይ ጆሮህን ይዘህ ትመለስ ነበር። «የሐይቁ ነፋስ ጆሮዬን በላው» ትለኛለህ። «የሹራብ ኮፍያ ልሥራልህ» ብልህ ምን አልኸኝ? «በባሕር ዳር ሙቀት ሹራብ? ለጣና ውኃ ልትሸጭ ነው?» አልኸኝ። ጆሮህን እንደያዝህ ነው ይህን ያልኸኝ።

እትየ የሺአረግ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው ዘንዘልማ ነው፤ ከአዲሶቹ ቤቶች ጀርባ፣ የባጃጅ ሾፌር «ከዚህ ወዲያ ጭቃ ነው» ብሎ የሚያወርድህ ቦታ። በልጅነታቸው ጎንደር፣ ሹራብ ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። ባላቸው መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ከግቢው በአንደኛው ጥግ ለተማሪ ዜማ ሲሰጡ፣ እትየ የሺአረግ በሌላው ጥግ ከዛፍ ሥር ሁለት መርፌ ይዘው ይውላሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የመረብ ሠሪው ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያማ እጅሽ ያውቃል» አሉ።

አያውቅም ነበር። እጄ የሚያውቀው መቋጠር ነው። አባቴ መረብ ሲሠራ እያንዳንዷን ዐይን ቋጥሮ ነበር የሚያልፍ። «አምባዛ አንዷን ቢበጥስ ሌላዋ መቆየት አለባት» ይል ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ የለመድሁት ይህን ነው። ያልተቋጠረ ክር ለእኔ ያላለቀ ሥራ ነበር። ሹራብ ደግሞ ቋጠሮ የለውም። አንዷ ዐይን በሌላዋ ውስጥ ታልፋለች፣ ያችኛዋ ይህችን ትይዛለች፣ በቃ። አንዱን ጫፍ ብትስበው ሁሉም ተከታትሎ ይሄዳል። ይህን አላመንሁትም። እትየ የሺአረግ ሲያዩኝ እንደ አስተማሩኝ እሠራለሁ፤ ዘወር ሲሉ በየአምስት ዐይኑ ክሩን አዙሬ ቋጥሬ አጠብቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለመለማመጃ የጀመርሁትን ሻርፕ ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት።

«ይኸ የሚጎረብጠኝ ምንድን ነው?»

«ቋጠሮ ነው።»

«የምን ቋጠሮ?»

«እንዳያመልጥ ብየ።»

«አንች ልጅ! ይኸ ዓሣ መሰለሽ? ወዴት ያመልጥሻል?»

ሳቁ። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መሪጌታው ዜማውን አቋርጠው «ምን ሆናችሁ እናንተ?» አሉ።

«ይች ልጅ ክሩን ገዘተችው! አሁን ማን ይፍታው?»

«እግዚአብሔር ይፍታው» አሉ መሪጌታው፤ ወደ ዜማቸውም ተመለሱ።

ያን ሻርፕ እንደምንም ጨረስሁት። በሠላሳ ዐይን ጀምሬ በአርባ ሰባት ነው የጨረስሁት። የት ቦታ እንደጨመርሁ አላውቅም። አንዱ ጫፉ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ እንደ አካፋ ያለ ነገር ሆነ። ሰጠሁህ። በሳምንቱ ደሞዝን፣ ያን ጊዜ ካንተ ጋር ነበር የሚሠራ፣ «ቃሲም ሻርፑን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሞተሩ ያደርገዋል» አለኝ። ዘይት ትጠርግበት ኖሯል። ይሁን። ክፉ ሻርፕ ነበር፤ ለዘይት መጥረጊያ ግን መልካም ጨርቅ ነው።

ኮፍያውን ግን አልረሳውም። የመጀመሪያው ኮፍያ ቋጠሮ በቋጠሮ ስለነበረ ያለ ራስ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ምሳህን ይዤ ወደብ ስመጣ ገልብጠህ መሬት ላይ አስቀምጠኸዋል፤ ውስጡ የዓሣ ማጥመጃ ትል ሞልተህበታል። «ኑ እዩ፣ ሚስቴ ቅርጫት ሠራችልኝ! ክዳኑን ነገ ትጨርሳለች!» ብለህ ተጣራህ። ወደቡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ምሳህን እንደያዝሁ አብሬ ሳቅሁ። በሰዎቹ ሳቅ ግድ የለኝም፤ የሚያስቅ ኮፍያ ነበር። ባንተ ሳቅም ዛሬ ግድ የለኝም። የራሴን ሳቅ ግን እስካሁን እጠየፈዋለሁ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድሁ። እትየ የሺአረግ ኮፍያውን አገላብጠው አዩት፤ ትሉን አጥቤ ነበር፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። «ዛሬ ምንም አትሠሪም። ትተረትሪያለሽ» አሉኝ። ተረተርሁ። ቋጠሮው ስለማይፈታ በምላጭ እየቆረጥሁ፣ መጨረሻ ላይ ጭኔ ላይ የቀረው ክር ሳይሆን የጣት ቁመት የማይሞላ ብጥቅጣቂ ክምር ነበር። ለትራስ መሙያ እንኳ አይሆንም።

«አየሽ?» አሉኝ። «የቋጠርሽው ሲበላሽ አይታረምም፤ ይጣላል። ያልቋጠርሽውን ግን ተርትረሽ እንደገና ትሠሪዋለሽ። መተርተር የማትችል ሴት ሹራብ ሠሪ አትባልም።»

እውነተኛው ትምህርት ከዚያ ነው የጀመረው። በየረድፉ መጨረሻ ዐይኑን ድምፅ አውጥቼ መቁጠር ተማርሁ። አንድ በፊት አንድ በጀርባ እያልሁ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጠርዝ ማውጣት ተማርሁ። በአራት መርፌ ዙሪያውን መሄድ ተማርሁ፤ መጀመሪያ ጃርት የያዝሁ ነበር የሚመስለኝ። ሻርፕ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይጨርሰዋል። ኮፍያ የሚከብደው አናቱ ላይ ነው። አንድ ቦታ ደርሰህ መቀነስ ትጀምራለህ፤ ሁለቱን ዐይን አንድ እያደረግህ፣ ከመቶ አራት ስምንት እስኪቀር ድረስ። «ያረፈድሽ እንደሆነ የአህያ ጆሮ ያወጣል፤ የቸኮልሽ እንደሆነ ራስ ላይ አልወርድም ይላል» ይሉኝ ነበር። ሦስት የአህያ ጆሮ ሠራሁ። ሦስቱንም ተረተርሁ። አራተኛው ኮፍያ ሆነ።

የቀሩትን ስምንት ዐይኖች ክሩን አሳልፈህ ትሰበስባቸዋለህ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰግስገህ ትቆርጣለህ። እትየ የሺአረግ እዚያ ላይ ነው የሚያቆሙ። እኔ ግን ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንድ ቋጠሮ ጨመርሁ። የአባቴን። አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«አንዷን ተያት» አሉ። «አባትሽ ናቸው።»

ያ ኮፍያ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ግንባሩ ላይ ዙሪያውን አንድ ነጭ መስመር አለው። ሌላ ሻርፕም በዚያው ክር ሠራሁልህ፤ በሠላሳ ስድስት ዐይን ጀምሬ በሠላሳ ስድስት ጨረስሁ። አደረግኸው። ወደቡ ላይ ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቅህ «ከሱቅ» ስትል ሰማሁህ። አፍሮ ነው አልሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ከሱቅ የመጣ ይመስላል ማለት ነው አልሁ። ሞኝነቴን ተመልከት።

ሦስት ወር አድርገኸው ባዶ ራስህን መጣህ።

«ኮፍያውስ?»

«ነፋስ ወሰደው።»

«ሻርፑስ?»

«እሱንም።»

አንገት ላይ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ ሻርፕ የሚፈታ ነፋስ ምን ዓይነት ነፋስ ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። «አይዞህ፣ ሌላ እሠራልሃለሁ» አልሁህ። አጽናናሁህ!

በዓመቱ ኮፍያዎቼ መፈለግ ጀመሩ። ጎህ ሲቀድ ሐይቅ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጆሮ አለው፤ ነፋሱ አንተን ብቻ አይደለም የሚነክስ። የባጃጅ ሾፌሮች ገዙኝ፣ ዓሣ አጥማጆች ገዙኝ። ቁንዝላ ገበያ ላይ በደንብ ይሄዳል ብለውኝ አንድ ኬሻ ሞልቼ በደሞዝ ጀልባ ተሳፈርሁ፤ እሱ ያን ጊዜ የራሱን ጀልባ ይዟል። ደሞዝ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ዛሬ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ ብትመለሽስ?» አለኝ። ከውኃ መካከል ሆኖ ገበያው መቀዝቀዙን በምን አወቀ ብዬ አልጠረጠርሁም።

ሸራዬን አንጥፌ ኮፍያዎቹን ደረደርሁ። ብዙም ሳልቆይ አንዲት ወጣት ሴት ጡት ያልጣለች ልጅ አዝላ መጥታ ቆመች። ልጅቷ የትልቅ ሰው ኮፍያ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎላት አድርጋለች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር።

«እታለም፣ እንዲህ ያለ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«እስቲ ልየው።»

ከልጅቷ ራስ ላይ አንሥታ ሰጠችኝ።

«ባለቤቴ ከባሕር ዳር ገዝቶ ያመጣልኝ ነው። የፈረንጅ ሥራ ነው፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ የሚሠራ የለም ብሎኛል። ለእሱም እንዲህ ያለ ፈልጌ ነበር። ውኃ ላይ ነው የሚውል፣ ጆሮውን ያመዋል።»

ገለበጥሁት። ቋጠሮው ቦታው ላይ ነበር።

«ባለቤትሽ ማን ይባላል?» አልኋት። እንዲያው ለወጉ ነው የጠየቅኋት።

«ቃሲም። የጀልባው ቃሲም። እኔ ሱምያ እባላለሁ።»

ሻርፑ አንገቷ ላይ ነበር። ኮፍያው በጆሮ በኩል አንድ ዐይን አምልጣው ወደ ታች መተርተር ጀምሯል፤ ልጅቷ ጣቷን እያስገባች ትጫወትበት ይሆናል። መርፌዬን አወጣሁ። ያመለጠችውን ዐይን ከሥር ለቅሜ፣ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ አውጥቼ መለስኋት። ሱምያ ቁጢጥ ብላ ስታይ ቆየችና «እጅሽ ይባረክ! እኔንስ ታስተምሪኛለሽ?» አለችኝ። «አንድ ቀን» አልኋት። ኮፍያውን ልጅቷ ራስ ላይ መልሼ ጠርዙን አጠፍሁላት።

መልካም ሴት ናት። ይህን የምነግርህ እሷን የምንቃት እንዳይመስልህ ነው። ያለኝ ንቀት ሁሉ ላንተ የተቀመጠ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ስንመለስ ደሞዝን «ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«ሀጂራ፣ እኔ ጀልባ ነው የምነዳ» አለኝ።

አንተ በዚያው ሳምንት ዓሣ አንጠልጥለህ መጣህ። «ኮፍያህ ተገኘ። ነፋሱ ቁንዝላ አድርሶታል» አልሁህ። መጀመሪያ «የቱ ኮፍያ?» አልህ። ቀጥለህ ዓሣውን አስቀመጥህ። ቀጥለህ «ሸሪዓው ይፈቅድልኛል» አልህ።

ይፈቅድልሃል። በሁለት ላይ ሁለት ጨምረህ አራት እስክትሞላ ይፈቅድልሃል። ሁለተኛ ያገባ ወንድ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ነግረኸኝ ቢሆን አለቅስ ነበር፣ እሰድብህ ነበር፣ ከዚያ ምናልባት እንኖር ነበር። አንተ ግን የደበቅኸው ሚስትህን ብቻ አይደለም። ኮፍያውን የትል መያዣ አድርገህ ስትስቅበት የነበረውን እጅ፣ ሥራው ሲያምር ጊዜ ደግሞ ፈረንጅ ነው አልኸው። ሌባ እንኳ የማንን ዕቃ እንደወሰደ ያውቃል። አንተ ከሰረቅኸኝ በኋላ እንዳልነበርሁ አደረግኸኝ፤ ያውም ለአንድ ኮፍያ። ይህን ያህል ትንሽ ሰው መሆንህን ያወቅሁ ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ክፉ ሰው ነበር የምትመስለኝ። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር።

በሩን ወርውረህ ወጣህ። ስድስት ዓመት።

በስድስቱ ዓመት ምን ሆነ መሰለህ? ፈይዛ ትምህርቷን ጨረሰች። ፋርማሲ ገባች። ትርፍ አንጀቷ ሲያማት ሐኪሞቹ የሚፈርም የቤተሰብ ሰው አምጡ አሉ፤ ያንተ ስልክ ዝግ ነበር። የመጣው ወንድምህ አብዱልከሪም ነው። እሱን ታውቀዋለህ፤ ጀልባ ይጠርባል፣ ይሰግዳል፣ ዝም ይላል። ግን ሲጠሩት ይመጣል። የእንጨት ብናኝ ልብሱ ላይ እንዳለ መጣ። «የልጅቷ ምኗ ነህ?» አሉት። «አባቷ ቁንዝላ ነው» አለ። ለጥያቄው መልስ አልነበረም። ግን ፈረመ፤ እስክትነቃም በሩ ላይ ቆመ።

እኔ ደግሞ ማስተማር ጀመርሁ። ሰኞና ሐሙስ ሰባት ሴቶች ቤቴ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሻርፕ፣ ቀጥሎ ኮፍያ። ከሐይቁ ዳር የሚመጡትን ሥራቸውን ዳብሼ ነው የማውቃቸው፤ የአጥማጅ ልጆች ሁሉ ይቋጥራሉ። አልስቅባቸውም። ምላጭ እሰጣቸዋለሁ።

ፈይዛ በኅዳር፣ የአንዋር ሰዎች ከሄዱ በኋላ፣ ምን አለችኝ መሰለህ? አለቀሰች ብትባል ደስ ይልህ ይሆናል፤ አላለቀሰችም። ምንጣፉን እየጠቀለለች «እማ፣ እሱ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለኝም። የመረረኝ አንች መስኮት ላይ ቆመሽ ስትጠብቂው ማየት ነው» አለችኝ። «ማን ጠበቀው?» ልላት አፌን ከፈትሁ። የቆምሁት ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ስለዚህ የምዋሽህ ነገር የለም። ሰኞ ዕለት ደሞዝ ስልኩን ሲዘጋ፣ ስቄ ስጨርስ፣ ነጭ ክር አነሣሁ። በመቶ አራት ዐይን ጀመርሁት፤ ያንተ የራስ ልክ ነው፣ እጄ አልረሳውም። ስድስት ረድፍ ሄድሁ። ጥሩ እየወጣ ነበር። ከዚያ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ፤ ጫፉን ይዤ ሳብሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እትየ የሺአረግ እውነታቸውን ነው። ያልተቋጠረ ነገር ክሩ አይጎዳም።

አሁን የምልህን አድርግ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት አለ። ኢማሙ ራሳቸው ናቸው ያጻፉት። «የልጄን የፈይዛን ኒካህ በእኔ ስም እንዲያስር ወንድሜን አብዱልከሪምን ወክያለሁ» ይላል። ከዚህ የበለጠ የሚጠይቅህ የለም። እንድትመጣ አልጠራንህም፣ እንድትከፍል አልጠየቅንህም፣ እንድትመርቅ አልለመንንህም። ሁለት ምስክር ባለበት ትፈርማለህ። ደሞዝ ወረቀቱን ይዞ ሊመለስ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ብዙ አይቆምም፣ ተሳፋሪ አለው።

«ራሴ እመጣለሁ» የምትል እንደሆነ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ሰምተነዋል። «አልፈርምም» የምትል እንደሆነ፣ ኢማሙ ነግረውኛል፤ አባት ያለ ምክንያት ሲከለክል ነገሩ ወደ ሸሪዓው ዳኛ፣ ወደ ቃዲው ይሄዳል፣ ቃዲው በቦታህ ይቆማል። እሱ ግን ወራት ይፈጃል፣ የአንዋር ሰዎች ደግሞ ወራት የላቸውም። አንተም የምትመካው በዚህ ነው። ስለዚህ ቃዲውን አልጠብቅም። ወረቀቱ ሳይፈረም ከተመለሰ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቁንዝላ እመጣለሁ። ሸራዬን ገበያው መካከል፣ ያን ጊዜ ካነጠፍሁበት ቦታ ላይ አነጥፋለሁ። ሱምያ ሹራብ አስተምሪኝ ብላኝ ነበር፤ «አንድ ቀን» ብያታለሁ። ያቺ ኮፍያ ዛሬም ካለች ይዛት ትምጣ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መተርተር መሆኑን ከላይ ነግሬሃለሁ፤ ቋጠሮዋ ላይ ስንደርስ የማን እጅ እንደሆነች እነግራታለሁ።

ከደብዳቤው ጋር በላክሁት ፌስታል ውስጥ ያለው ቀይ ኮፍያ የልጅቷ ነው። አሁን ሰባት ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ በዚያ ዕድሜ ልክ ነው የሠራሁት። ፈረምህም አልፈረምህም የእሷ ነው፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። በሙቅ ውኃ እንዳይታጠብ፣ ይኮማተራል። ማን ሠራው ብላ ከጠየቀችህ «የእኅትሽ እናት» በላት። ነፋስ አመጣው እንዳትል።

ነጩ ቆብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚያስፈልግ፤ የፈይዛን እጅ ለሚሰጠው ሰው። ትናንት ሠርቼ ጨረስሁት፣ ቋጠሮዋንም ከውስጥ አስገብቻለሁ። ልኩን የወሰድሁት ከአብዱልከሪም ነው። ከሥራው ቦታ ሄጄ «ራስህን ዝቅ አድርግልኝ» አልሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ መጥረቢያውን አስቀምጦ ጎንበስ አለልኝ። ዘጠና ስድስት ዐይን።

ያንተ ራስ መቶ አራት ነው። አይገባህም፤ አትምጣ።

ሀጂራ
የመረብ ሠሪው ልጅ